የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፔ ከ14 ወር በኋላ፦ ሶስቴ ዝም አለችኝ፣ ሶስቴም ጥፋቱ የሷ አልነበረም

ቁልፉን ሳዞር ከፊት ኮፈን ስር ተክ ተክ ተክ የሚል ድምፅ ይሰማኛል፣ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ከዛ እየረጋ ይመጣል፣ ሲረጋ ሞቶሪኖውን (ሞተር የሚያስነሳውን) እመታለሁ ቮልሷም ወዲያው ትነሳለች። ይሄን ድምፅ 14 ወር ሙሉ ለምጄዋለሁ። ሶስት ቀን ግን ጭራሽ አልተሰማም፣ የምጽፈውም በዋናነት ስለነዛ ሶስት ቀኖች ነው ምክንያቱም ፓምፕ ሲሰራ ምን ይወራለታል።

መኪናዋ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1971 ቮልስ ቢትል ናት፣ 1600 ሞተር፣ ባለ 12 ቮልት፣ ካርቡሬተሯ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) 34 ፒክት 3 የሚባለው። አብሯት የመጣው ፓምፕ ሜካኒካል ነው፣ ከዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ በዘንግ እየተገፋ የሚሰራ። መጥፎ ነገር ነው አልልም፣ ቀላል ነው ሽቦም አይፈልግም። እኔን ያስመረሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ መኪናዋ ሁለት ሶስት ሳምንት ከቆመች ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይተናል፣ ከዛ ፓምፑ ፊት ካለው ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንክ) ኋላ ያለው ሞተር ድረስ ስቦ እስኪያመጣ ሞቶሪኖ ማንጫጫት ነው፣ ባትሪው ቀድሞ ይደክማል። ሌላው ሙቀት ነው፣ ፓምፑ ትኩስ ሞተር ላይ ስለተቀመጠ ቤንዚኑ መስመር ውስጥ እንዳለ ይተንና ትሞታለች፣ እስክትበርድ ኮፈን ከፍቶ መጠበቅ ነው።

የገዛኋት ያቺን ኩብ የምትመስለውን ትንሽዬ ፓምፕ ነው፣ ውስጧ በኤሌክትሪክ ማግኔት ወዲያ ወዲህ የምትል ፒስተን አለች፣ ግፊቷ ከ2 እስከ 3.5 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው)። ይሄን ቁጥር ሳታዩ እንዳትገዙ። የኢንጀክሽን መኪና ፓምፕ 40 ፒኤስአይ እና ከዛ በላይ ነው የሚገፋው፣ እሱን እዚህ ካርቡሬተር ላይ ብታስሩት ቤንዚኑ የካርቡሬተሩን መርፌ ቫልቭ በርግዶ ይገባና ሞተሩ ላይ ይፈሳል። ከሰልባትዮው ዝቅ አድርጌ ፊት ላይ አሰርኳት፣ እነዚህ ፓምፖች መግፋት ይችላሉ መሳብ ላይ ግን ደካማ ናቸው፣ ከፊቷ ፊልትሮ፣ ድምፅ እንድትቀንስ ደግሞ ከስሯ ጎማ። የድሮውን ፓምፕ ከነዘንጉ አውጥቼ ቀዳዳውን በቆርቆሮ ክዳንና በጋስኬት ዘጋሁት፣ ካልተዘጋ ዘይት ይተፋል። ግማሽ ቀን ስራ ነው በቃ።

የመጀመሪያው ዝምታ በሁለተኛው ወር መጣ። ቁልፍ አዞርኩ፣ ጭጭ። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ያሳፍራል፣ በካቻቢቴ እጀታ ቆረቆርኳት። የድሮዎቹ የኤሌክትሪክ ፓምፖች ውስጣቸው ፑንቲና (እየተነካካ መብራት የሚያገናኝና የሚቆርጥ ብረት) ስላለ ሲጣበቅ ቢመቷቸው ይነሳሉ፣ የኔዋ ግን ፑንቲና የላትም በኤሌክትሮኒክስ ነው የምትሰራው፣ እሷን መቆርቆር በር ማንኳኳት ነው። ከዛ ፊውዝ አየሁ። የነዚህ መኪኖች ፊውዝ ሴራሚክ ነው፣ ጥይት የሚመስል ሁለት ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ነጩ 8 አምፔር ቀዩ 16። ላዩ ላይ ያለችው ቀጭን ብረት አልተበጠሰችም፣ ስለዚህ ደህና ነው ብዬ አለፍኩት። አንድ ሰዓት ያህል ሽቦ ስከተል ቆይቼ ስመለስ ሳላስበው ያንኑ ፊውዝ በጣቴ ዞር ባደርገው ተክ ተክ ተክ! ፊውዙ ደህና ነበር፣ ያቀፉት ሁለቱ ምላሶች ግን አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ለብሰዋል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ብረት ነው፣ ምን ይፈረድበታል። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አፀዳሁት፣ ደግሞም ከዛ በኋላ በእርጅና ላይ እምነት ስላጣሁ ሪሌ ጨመርኩ፣ ከቁልፉ በሚመጣ ትንሽ መብራት ታዞ ዋናውን መስመር የሚያገናኝ ማብሪያ ነው፣ እግሮቹ ቁጥር አላቸው፦ 30 ላይ ከባትሪ በራሱ አዲስ ፊውዝ የሚመጣ ሽቦ፣ 87 ወደ ፓምፕ፣ 86 ከቁልፍ፣ 85 ግራውንድ። ባትሪው ከኋላ ወንበር ስር ስለሆነ ሽቦው ረጅም ነው፣ ፊውዙን ባትሪው አጠገብ አድርጉት፣ ሽቦው መሀል መንገድ ላይ ቢላጥና ቦዲ ቢነካ ፊውዙ ቀድሞ እንዲበጠስ።

ሁለተኛው በስድስተኛው ወር ነው፣ አሁን ሳስበው ያስቀኛል ያኔ ግን አላሳቀኝም። ሜካኒካል ፓምፕ ሞተር ሲቆም አብሮ ይቆማል፣ የኤሌክትሪኩ ግን ቁልፉ እስካልተዘጋ ድረስ ይገፋል፣ ግጭት ደርሶ ቱቦ ቢቀደድም ትኩስ ሞተር ላይ ቤንዚን እየረጨ ይቀጥላል ማለት ነው። ለዚህ ተብሎ ኢነርሺያ ስዊች የሚባል ነገር አስገብቻለሁ፣ ውስጡ በማግኔት የተያዘች የብረት ኳስ አለች፣ ኃይለኛ ምት ሲመጣ ኳሷ ከቦታዋ ትወጣና መስመሩን ትቆርጣለች። ይሄን ነገር ግድ አስገቡ፣ ፓምፗን ያለሱ እንዳታስሯት። እኔ ግን ያሰርኩት የት መሰላችሁ? ኮፈኑ የሚዘጋበት ብረት አጠገብ። አንድ ቀን ፊት መፍቻ ጭኜ ኮፈኑን እንደ ጠላት ቤት በር ድው አድርጌ ዘጋሁት፣ ቁልፍ አዞርኩ፣ ዝም። ሪሌው ቀጭ ይላል፣ ፊውዙ አዲስ ነው፣ ፓምፗ ጋ ግን ምንም የለም። አርባ ደቂቃ ሙሉ ሽቦ ለሽቦ ስዞር ከረምኩና በመጨረሻ የስዊቹ አናት ላይ ያለችው ቁልፍ ብቅ ብላ አየኋት። ተጫንኳት፣ ቀጭ፣ ተክ ተክ ተክ። በነጋታው ነቅዬ ከጎን ተቀማጩ እግር ማስቀመጫ አጠገብ ጠንካራ ቦዲ ላይ አሰርኩት፣ ከዛ ወዲህ ኮፈኑን የፈለግኩትን ያህል ባላትመው አይወጣም።

ሶስተኛው ነው የፈተነኝ። በ11ኛው ወር ላይ መኪናዋ ታጥባ ሳምንት ያህል ቆማ ነበር፣ ስመጣ ፓምፗ ሁለቴ ተክ አለችና ቆመች፣ ድጋሚ ባዞር ጭራሽ የለም። በዚህ ጊዜ ጎበዝ ሆኛለሁ ብዬ ስለማስብ ቀጥ ብዬ ወደ ፓምፗ ሄድኩ፣ ሶኬቷን ነቀልኩ፣ ቴስተር አስገባሁ፣ 12.4 ቮልት። መብራት እስከ ደጇ ደርሷል፣ እሷ አልሰራም ካለች ሞታለች ማለት ነው፣ አለቀ። አዲስ አዘዝኩ። አዲሷ መጣች፣ ቱቦ ከመፍታቴ በፊት ሽቦዋን ብቻ ሰክቼ ልስማት ብዬ ቁልፍ አዞርኩ።

ዝም።

እዛ ጋ ቁጭ ብዬ ትንሽ ሳቅኩ። ከካርቶን የወጣች ፓምፕና የ11 ወር ፓምፕ እኩል ከሞቱ በሽተኛው ሌላ ሰው ነው። በፓምፗ ፋንታ ባለ 5 ዋት አምፖል በሁለት ሽቦ ሶኬቱ ላይ አሰርኩ፣ ያ 12.4 ቮልት የሚያሳየኝ መስመር አምፖሉን ማብራት አልቻለም፣ ውስጡ ያለችው ክር ሊጠፋ እንደደረሰ ፍም ትንሽ ቀላች እንጂ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ቴስተር ከመስመሩ ላይ ምንም አይጎትትም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ግንኙነቱ በአንድ ፀጉር ሽቦ የተንጠለጠለ ቢሆንም ሙሉውን ቮልት ያሳያል። ፓምፕ ግን ይጎትታል፣ የኔዋ 1 አምፔር ገደማ፣ የላላ ወይም የዛገ ቦታ ላይ 5 ኦም ረዚስታንስ ተቀምጦ ቢሆን በ1 አምፔር 5 ቮልት እዛው ይበላል፣ ለፓምፗ የሚተርፋት 7 ነው፣ በ7 ቮልት ደግሞ እሷ ተክ አትልም።

ታዲያ የሚበላው የት ነው የሚለውን ለማወቅ አምፖሉ እንደተሰካ ቴስተሩን አዟዟርኩት። አንዱን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ወደ ፓምፕ በሚገባው ቀይ ሽቦ ላይ፣ ግማሽ ቮልት እንኳ አልሞላም፣ ጥሩ ነው። ከዛ አንዱን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ሌላውን ጥቁሩ ሽቦ ላይ፣ አብዛኛው ቮልት እዚህ ነው! ተገኘ። ጥቁሩን ሽቦ ያኔ ስገጥማት ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ላይ በብሎን ነበር ያሰርኩት፣ ብሎኑ በጥርሱ ትንሽ ብረት ስለነካ 11 ወር ሰራ፣ ውሃ ሲገባበት ዛገና ለቀቀ። ፓምፗን ጎማ ላይ ስላስቀመጥኳት ደግሞ በቦዲዋ በኩል ሌላ መንገድ የላትም፣ ያቺው ጥቁር ሽቦ ብቻ ነች። ብሎኑን ስፈታው ከስሩ ያለችው ቀለበት ቡናማ ሆናለች፣ ክብ የዝገት ማህተም ቀለሙ ላይ ታትሟል። እስኪያበራ ፋቅኩት፣ ባለ ጥርስ ሮንዴላ ጨመርኩ፣ ካሰርኩ በኋላ ግሪስ ቀባሁት። አምፖሉ ቦግ አለ። ከዛ የድሮዋን ፓምፕ መልሼ ሰካሁ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ተክ ተክ ማለት ጀመረች።

ስለዚህ አሁን ፓምፕ ዝም ሲለኝ የማደርገው የተገላቢጦሽ ነው፣ ፓምፗን መጨረሻ ነው የምጠረጥራት። መጀመሪያ ጆሮዬን ሪሌው ጋ፣ ቀጭ ካላለ ችግሩ ከቁልፉ ወይም ከ86 እና 85 በኩል ነው፣ ቀጭ ካለ የኢነርሺያ ስዊቹን እጫናለሁ፣ ከዛ አምፖል። በቀጥታ ከባትሪ ሽቦ ስቦ መሞከርም ጥሩ ነው፣ ግን ፊውዝ ያለው ሽቦ ተጠቀሙ፣ መጀመሪያ ፓምፕ ጋ ያለውን ጫፍ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ የምታበሩት መሀል ላይ ባደረጋችሁት ማብሪያ ማጥፊያ ይሁን፣ ከቤንዚኑም ከባትሪውም ራቅ ብሎ። ብልጭታ ቤንዚን አጠገብ እንዳይሆን ነው፣ ይሄ ቀልድ የለበትም።

ስለ ፓምፗ ራሷ ምን ልበላችሁ። የፈለግኳትን ሁለቱንም አድርጋለች፣ ወር ቆማም ቢሆን ቁልፍ አዙሬ አስር ሰከንድ ጠብቄ ትነሳለች፣ በሙቀት መሞቷም ቀርቷል። የቤንዚን ፍጆታ ላይ ለውጥ አላየሁም፣ ይቀንሳል ያላችሁ ካለ አትስሙት። ድምፁ ግን አለ፣ ጎማ ላይ ብትሆንም ሬዲዮ ካልከፈትኩ ቆሜ ስጠብቅ ይሰማኛል፣ ሰው ስጭን "ይሄ ምንድነው" የማይለኝ የለም። እኔ ወድጄዋለሁ ምክንያቱም ያናግረኛል፣ ካርቡሬተሩ ሲሞላ ዝግ ይላል፣ ሰልባትዮው ባዶ ሲሆን ወይም አየር ሲስብ እንደ ልብስ ስፌት ማሽን ይፈጥናል፣ አንዴ ቤንዚን ሊያልቅብኝ ሲል ከጌጁ ቀድማ እሷ ናት የነገረችኝ። ፊልትሮውን ሁለቴ ቀይሬያለሁ፣ የድሮ ሰልባትዮ ዝገት ይጥላል፣ የመጀመሪያው ሲወጣ ታቹ ላይ ቀይ ጭቃ ነበረው። የጎማ ቱቦዎቹን ፋሸታ (ማጥበቂያ ቀለበት) በየሁለት ወሩ በጣቴ እፈትሻለሁ፣ አንዱን ላላ ብሎ አግኝቼ አጥብቄዋለሁ።

ሁለተኛዋ ፓምፕ ካርቶኗ ውስጥ ሆና ትርፍ ጎማው መሀል ላይ ተቀምጣለች፣ የሁለቱን አፏን ፕላስቲክ ክዳን እንኳ አላወለቅኩትም። ከጎኗ ያ 5 ዋት አምፖል ከነሁለት ሽቦው በጨርቅ ተጠቅልሎ አለ።