እናቴን ላከማችሁልን የጥቁር አንበሳ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የነርቭ ቀዶ ሕክምና ክፍል ለምትሠሩ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። ውለታችሁን ከፍለን አንጨርሰውም።

እናቴ ያለ እንዝርት ውላ የማታውቅ ፈታይ ናት። መጀመሪያ ጣቶቿ እንዝርቱን ማሾር አቃታቸው፤ ቀጥሎ የቀሚሷን ቁልፍ መቆለፍ ተሳናት። ከዚያ እግሮቿ እየተሳሰሩ ግድግዳ ተደግፋ መሄድ ጀመረች። አንገቷን ስታቀረቅር ከጀርባዋ እስከ እግሯ የሚነዝር ነገር ይወርዳል። አንዱ ክሊኒክ «ሪህ ነው» ሲል፣ ሌላው የቫይታሚን መርፌ ሲያዝ ብዙ ጊዜ ባከነ። በኋላ ኤምአርአይ ስትነሳ የአንገቷ ዲስክና ያበጠው አጥንት ሕብለ ሰረሰሯን (በአከርካሪ ውስጥ የሚያልፈውን የነርቭ ገመድ) ጨፍልቀው መያዛቸው ታየ።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው የቀዶ ሐኪሙን እውነተኛነት ነው። ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ፣ የተጎዳውን ቦታ በጣቱ እያሳየ አስረዳን። የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ከ18 ነጥብ በሚለካበት መመዘኛ 11 እና ከዚያ በታች ያገኘ ሰው ከባድ ደረጃ ላይ ነው፤ እናቴም እዚያ ነበረች። «እማማ፣ የቀዶ ሕክምናው ዋና ዓላማ እንዳይብስብዎት ማቆም ነው። ብዙ ሊሻልዎት ይችላል፤ ግን ሁሉም ይመለሳል ብዬ አልዋሽዎትም» አላት። እሷም «እውነቱን ከነገርከኝ እሺ፣ ልጄ» ብላ ፈረመች።

ከኋላ በኩል ገብተው የተጫነውን አጥንት አንስተው ለሕብለ ሰረሰሩ ቦታ ሰጡት። ከዚያ በኋላ ያለው ድካም የፊዚዮቴራፒስቷ ነው። ሽምብራ በሰሃን አቅርባ በሁለት ጣት አንድ በአንድ ታስለቅማት ነበር፤ እናቴ ስትበሳጭ አብራት ትለቅማለች እንጂ አትቆጣትም። እንዲህ ያለ ትዕግሥት በገንዘብ አይገዛም።

ዛሬ እናቴ ቁልፏን ራሷ ትቆልፋለች፣ በምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች። ክሯ ግን እንደ ድሮው አይቀጥንም፤ ሐኪሙም አስቀድሞ ነግሮናል።

ይህ ክፍል ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረው ሥልጠና ብዙ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ያፈራ ነው። የእጅ መደንዘዝና የእግር መተሳሰር አብረው የመጡበት ዘመድ ካላችሁ፣ አያመውም ብላችሁ አትዘናጉ። ጫናው በቆየ ቁጥር የሚመለሰው ይቀንሳል። እባካችሁ አንገቱን ለወጌሻ አሳልፋችሁ አትስጡ፤ የተጨፈለቀ ሕብለ ሰረሰር መታሸትም መጠምዘዝም አይችልም። በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ተቋም የሪፈር ወረቀት አጽፉና ውሰዱት።