«525 እጥፍ ያጎላል» ተብሎ የሚሸጠውን ቴሌስኮፕ ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው ነሐሴ የወር ደመወዜን ግማሽ ከፍዬ መስታወቱ 76 ሚሊ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ከአንድ የኢንተርኔት ነጋዴ ገዛሁ። በካርቶኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ያለው የቀለበት ኔቡላ (በጠፈር ያለ፣ ቀለበት የሚመስል የጋዝ ደመና) ፎቶግራፍ ታትሞበታል፤ ከሥሩም «525 እጥፍ ያጎላል፤ ፕላኔት ሲወለድ ይመልከቱ» ይላል። ክረምቱ እስኪወጣ ልሞክረው አልቻልኩም፤ በጥቅምት ሞክሬ ቅሬታ ሳቀርብ ደግሞ ነጋዴው ጊዜው አልፏል ብሎ ገንዘቤን ከለከለኝ። ሌላ ሰው በዚህ ቁጥር እንዳይታለል በማሰብ ይህን ጽፌያለሁ።

የቴሌስኮፑ የትኩረት ርዝመት (መስታወቱ ብርሃኑን ሰብስቦ ምስል እስከሚሠራበት ነጥብ ያለው ርቀት) 700 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በ4 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ ሲካፈል 175 ይሆናል፤ አብሮት የሚመጣው ባለ ሦስት እጥፍ የፕላስቲክ ባርሎው ሌንስ (የዓይን ሌንሱን ማጉላት የሚያባዛ ተጨማሪ ሌንስ) ሲታከልበት 525 ይሞላል። ስሌቱ ልክ ነው፤ ነገር ግን አንድ ቴሌስኮፕ በደንብ ሊያጎላ የሚችለው በሚሊ ሜትር ከተለካው የመስታወቱ ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የዚህኛው ጣሪያ 150 ገደማ ነው። ከዚያ ባለፈ ቁጥር ያው ጥቂት ብርሃን በሰፊ ቦታ ላይ ይበተናል፤ በ525 እጥፍ የሚታይ ኔቡላ በ35 እጥፍ ከሚታየው 225 ጊዜ ይደበዝዛል። እኔም ያየሁት ድፍን ጨለማ ነው።

የሚያስቆጨው ኔቡላው በዚሁ መሣሪያ መታየት መቻሉ ነው። ከከተማ ወጣ ብዬ፣ በሰሜን ምዕራብ ከምታበራው ቪጋ አጠገብ ካሉት ቤታና ጋማ ሊራ ከተባሉ ኮከቦች መካከል ፈለግሁት። በ20 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ፣ ማለትም በ35 እጥፍ፣ የደበዘዘ ኮከብ ይመስላል፤ በተዋስኩት 10 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን ጢስ የመሰለ ትንሽ ግራጫ ክብ ሆነ፤ ዓይኔን ትንሽ ወደ ጎን ሳደርግም መካከሉ ጠቆር አለ። ቀለም የለውም፤ ዓይናችን በደካማ ብርሃን ቀለም አይለይም፤ የካርቶኑ ፎቶግራፍ በረጅም ጊዜ ብርሃን እየተጠራቀመ የተነሳ ነው።

ፕላኔትም አይወለድበትም። በዕድሜዋ ማብቂያ ላይ ያለች ኮከብ የተፋችው ጋዝ ሲሆን፣ የሚያበራውም የቀረው ትኩስ እምብርቷ በሚረጨው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። እንዲህ ያሉት ኔቡላዎች «ፕላኔታሪ ኔቡላ» ይባላሉ፤ ስሙን በ1780ዎቹ ያወጣው የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊሊያም ሄርሼል ነው፤ የኔቡላዎቹ ክብነት በቴሌስኮፑ ውስጥ ፕላኔት ስለመሰለው ነበር።

መግዛት የምትፈልጉ ካላችሁ የመስታወቱን ስፋት ጠይቁ፤ የዓይን ሌንሱ ማስገቢያም 31.7 ሚሊ ሜትር መሆኑን አረጋግጡ፣ ሌላ ሌንስ መቀየር የሚቻለው ያኔ ነውና። ከመክፈላችሁ በፊትም ሻጩ መቆሚያው ላይ እንዲገጥመው አድርጉና ቱቦውን በጣታችሁ መታ አድርጋችሁ ንዝረቱ እስኪቆም ሰከንዱን ቁጠሩ። የእኔው ሰባት ቆጥሬም አልቆመም።