ሲኤፍኤ፣ ኤምቢኤ ወይስ ማስተርስ? ወደ ኢንቨስትመንት ሥራ የሚወስደው የቱ ነው?

በኢንቨስትመንት ፋይናንስ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ሦስት መንገድ ይነገረዋል፦ ሲኤፍኤ (በፈተና የሚገኝ ዓለም አቀፍ የኢንቨስትመንት ተንታኝነት ማዕረግ)፣ ኤምቢኤ (በንግድ ሥራ አስተዳደር ማስተርስ) ወይም በፋይናንስ ማስተርስ። «የቱ ይበልጣል?» ከማለት በፊት የምትፈልጉትን ሥራ ለዩ።

ፍላጎታችሁ አክሲዮንና ቦንድ መመርመር ወይም የሰው ገንዘብ ማስተዳደር ከሆነ እኔ ሲኤፍኤን አስቀድማለሁ። ፈተናው ሦስት ደረጃ አለው። ለእያንዳንዱ 300 ሰዓት ያህል ማጥናት ይመከራል። በሳምንት 12 ሰዓት ብታጠኑ አንዱ ደረጃ ስድስት ወር ገደማ ይፈጃል። ሥራ ሳትለቁ ልትጨርሱት ትችላላችሁ፤ ጥቅሙ ይሄ ነው። ግን ቆጣጣሪ የለም፤ ምሽታችሁንና ቅዳሜያችሁን ለራሳችሁ ማስገዛት አለባችሁ። በመጀመሪያው ደረጃ ከግማሽ በላይ ተፈታኝ የሚወድቅበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህ አትናቁት። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ ሦስቱን ማለፍ ብቻውን ማዕረጉን እንደማያሰጥ ነው። ቢያንስ በ36 ወራት ውስጥ የተጠራቀመ 4,000 ሰዓት ተዛማጅ የሥራ ልምድም ይጠየቃል።

ኤምቢኤ ሌላ ነገር ነው። የሙሉ ጊዜው ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይወስዳል። ወጪውን ስታሰሉ የትምህርት ክፍያውን ብቻ ሳይሆን በሁለት ዓመት የሚቀርባችሁን ደመወዝም ደምሩ። ታዲያ ለምን ይገባሉ? ኩባንያ ሲገዛና ሲሸጥ የሚያማክሩት ትልልቅ የኢንቨስትመንት ባንኮች አሶሼት (ከጀማሪ ተንታኝ አንድ እርከን ከፍ ያለ ባለሙያ) የሚመለምሉበት ዋና በር ስለሆነ ነው። በሁለቱ ዓመታት መሀል ያለው ኢንተርንሺፕ (የሥራ ልምምድ) ብዙ ጊዜ ወደ ቋሚ ቅጥር ያመራል። ከምህንድስና ወይም ከሌላ ሙያ ለሚመጣ ሰው ጥሩ መሻገሪያ ነው። ግን የትምህርት ቤቱ ስም እዚህ በጣም ይከብዳል። ከመክፈላችሁ በፊት ካለፈው ዓመት ተመራቂዎች ስንቱ የት እንደተቀጠረ ጠይቁ። በግልጽ ካልመለሱላችሁ እለፏቸው።

ማስተርሱ በቅርብ ለተመረቀና ልምድ ለሌለው ይሻላል። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ የሚያስገባውም በጀማሪ ተንታኝነት ነው። የዓመታት ልምድ ላለው ሰው ግን አልመክረውም።

አሁንም የምታመነቱ ከሆነ በሲኤፍኤ የመጀመሪያ ደረጃ ጀምሩ። ለመመረቅ 23 ወር ወይም ከዚያ በታች የቀረው የዲግሪ ተማሪም መፈተን ይችላል። የሒሳብ መግለጫ ማንበቡ ካልጣማችሁ የሚባክነው ስድስት ወር ነው፤ ደመወዛችሁም አይቋረጥም።