ለልጃችን ጭንቀት እኛ ወላጆች የገባንበት ሕክምና

ስፔስ ይባላል። በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ባለሙያው ኤሊ ሌቦዊትዝ የቀረጸው ፕሮግራም ነው። የምትጨነቀው ልጅ ናት፤ ቀጠሮ የሚሄዱት ግን ወላጆች ብቻ።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። እኔ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ለቀናት ከቤት ይርቃል። የ10 ዓመት ልጃችን "አደጋ ቢደርስባችሁስ?" እያለች እንቅልፍ አጣች። ሥራ ላይ እያለሁ ደጋግማ ትደውላለች። ሰኞ ጠዋት ሆዷን ያማታል። ሐኪሟ መርምሮ ሆዷ ደህና መሆኑን ካየ በኋላ ወደዚህ መራን።

ልጅ ሲፈራ ቤተሰብ ኑሮውን በፍርሃቱ ልክ ያበጃል፦ አብሮ መተኛት፣ አንዱን ጥያቄ አሥር ጊዜ መመለስ፣ ከትምህርት ቤት ማስቀረት። ለጊዜው ሁሉም ይረጋጋል፤ ፍርሃቱ ግን ሥር ይሰዳል። ፕሮግራሙ ከነዚህ አንዱን አስመርጦ ቀስ በቀስ ያስቀንሳል። እኛ ስልኩን መረጥን። በእረፍቴ አንዴ እደውላለሁ፤ ከዚያ ውጪ እሷ ስትደውል አላነሳም። ውሳኔውን በደብዳቤ ጽፈን አነበብንላት። ስትጨነቅ ደግሞ "እንደፈራሽ ይገባኛል፣ ከባድ ነው። ግን እንደምትችይው አውቃለሁ" እንላታለን። "አይዞሽ፣ ምንም የለም" ብቻ ሲባል ልጅ ያልሰሟት ይመስላታል።

ለእኛ ሰው ልክክ የሚለው ዘመድ ወዳጅን በደጋፊነት መጥራቱ ነው። አክስቷ ከቨርጂኒያ "የኔ ጎበዝ፣ ትናንት ከብዶሽ እንደነበር ሰማሁ፤ ቻልሽው እኮ!" ብላ ድምፅ ትልክላታለች። አብራን የምትኖረው እናቴ ግን መጀመሪያ ተቆጣች። "ልጅ እያለቀሰች እንዴት ስልክ አይነሳም?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሲያዩት ጭካኔ ይመስላል። አሁን ጠዋት ጠዋት የምትመርቃት እሷ ናት።

በ2020 የታተመ ጥናት ከ7 እስከ 14 ዓመት ያሉ 124 ልጆችን አወዳድሮ ነበር። ወላጆቻቸው ብቻ ስፔስን የወሰዱላቸው ልጆች፣ ራሳቸው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ (አስተሳሰብንና ባህርይን በመለወጥ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምና) ከወሰዱት ልጆች ያልተናነሰ ተሽሏቸዋል። የኛዋ አሁንም ትፈራለች፤ የሌሊቱ ስልክ ግን ቆሟል፣ ሰኞም ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

ቅር ያለኝ ቀጠሮው ነው። በየሳምንቱ፣ ያውም በቀን። ሌሊት ሠርቶ ለገባ ሰው ይከብዳል። ባለቤቴ መኪናውን አቁሞ በቪዲዮ ነበር የሚገባው። አስተርጓሚም አልነበረም፤ ለእናቴ ሁሉን ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ከመጀመራችሁ በፊት የማታ ቀጠሮ እንዳላቸውና ኢንሹራንሳችሁ እንደሚሸፍን ጠይቁ። የሥራ ሰዓታችንን ደግሞ ፕሮግራሙ አይቀይርልንም። እኔ የቀን ፈረቃ አመልክቻለሁ።