ሦስት ቀን በጓሳ፦ መሪዎቹ እና የተከራየነው ድንኳን

ባለፈው ታኅሣሥ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሦስት ቀን በእግር ተጉዘን ሁለት ሌሊት በድንኳን አድረናል። ከደብረ ብርሃን በጣርማበር በኩል ወጥተን መኪናውን ከሸኘን በኋላ ጓዛችንን የተሸከመችልን አንዲት በቅሎ ነበረች። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምር ደጋ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ቀን ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል። መንገድ መሪያችን ግን አካሄዳችንን እያየ ያሳርፈን ስለነበር አንዳችንም አልታመምንም።

የዚህ ጉዞ ትልቁ ዋጋ መሪዎቹ ናቸው። ሁለተኛው ቀን ማለዳ ላይ ከገደሉ አፋፍ ወጥተው ሣር በሚግጡ ጭላዳ ዝንጀሮዎች መካከል አንድ ቀይ ቀበሮ አፍንጫውን መሬት አስጠግቶ በዝግታ ሲሄድ መሪያችን አሳየን፤ ጭላዳዎቹ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። «ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ ዐይጥ እየፈለገ ነው» አለን። እዚሁ ጓሳ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን የሚሳካለት ከ100 ሙከራ 25ቱ ሲሆን፣ በጭላዳዎች መካከል ሲሆን ግን 67ቱ ይሳካለታል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ተቀምጠን አየነው፤ መሪው አንድ ጊዜም «እንሂድ» አላለንም።

የቅሬታዬ ምክንያት ድንኳኑን እና ስሊፒንግ ባጉን ያከራየን ከተማ ያለው አዘጋጅ ነው። ለደጋ ውርጭ የሚሆን ነው ብሎ የሰጠን ስሊፒንግ ባግ ስስ ከመሆኑም በላይ የአንዱ ዚፕ አይዘጋም ነበር፤ የድንኳኑም ማሰሪያ በመጀመሪያው ምሽት ተበጠሰ። ንጋት ላይ ድንኳኑ በውርጭ ነጥቶ አገኘነው። በሁለተኛው ሌሊት ያዳነን በቅሎ ነጂው ከቤቱ ያመጣልን ባና የሚባል የሱፍ ብርድ ልብስ ነው፤ ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ፣ ከባድና ጭስ ጭስ የሚሸት፣ ነገር ግን ብርድ የማያስገባ።

ማሰሪያው ሲበጠስ፣ ከእግራችን ሥር ካለው የጓሳ ሣር ጥቂት ነቅለን ገመድ እንድናደርግ መሪውን ጠይቄው ነበር። «ጊዜው አልደረሰም፣ ወንድሜ፤ ዛሬ እኔ ብነቅል ነገ ማንን እከለክላለሁ?» ብሎ ከበቅሎው ጭነት ላይ አሮጌ የጓሳ ገመድ ፈትቶ ድንኳኑን አሰረልን። ለጣሪያ ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ይህን ሣር፣ ለዓመታት ዘግቶ በተወሰነ ጊዜ ብቻ በመክፈት የሚያስተዳድረው ቄሮ የሚባል የአካባቢው ባህላዊ ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደቆየ ይነገራል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም፣ ጥበቃው ዛሬም በአካባቢው ሕዝብ እጅ ነው። ይህን ከመሪው አፍ፣ ሣሩ መካከል ቆሞ መስማት ለእኔ ከመልክዓ ምድሩ ያላነሰ ነገር ነበር።

ለመሪውና ለበቅሎ ነጂው የከፈልነው ገንዘብ ምንም አይቆጨኝም፤ ለድንኳኑ ኪራይ ግን ዳግመኛ አልከፍልም። የምትሄዱ ከሆነ ዕቃውን ከመረከባችሁ በፊት ዘርግታችሁ ዚፑን ሞክሩ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ከሆነ ደግሞ ባና እንዲያመጡላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።