መጀመሪያ ስለ ማጣበቂያው ጠይቁ፦ ቤታችንን ስናድስ የተጠቀምንባቸው ዕቃዎች

ለልጄ መኝታ ክፍል አዲስ ቁም ሣጥን የገባ ዕለት ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። በሦስተኛው ቀን ልጄ ዓይኗን እያሸች መጣች። ክፍሉን ስከፍተው አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ ተቀበለኝ። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለቀዋል» አሉን፤ መስኮት ከፍተን ጠበቅን። ልጅቷ ወደ ክፍሏ ተመልሳ የተኛችው ከአራት ወር በኋላ ነው። ቁም ሣጥኑ ከፊት ሲያዩት የደህና እንጨት መልክ ነበረው። ጀርባውን ስንፈታው ያገኘነው ግን በማጣበቂያ የተጋገረ የእንጨት ፍርፋሪ፣ በላዩም የእንጨት ፎቶ የታተመበት ስስ ወረቀት ነው።

ሁለቱን መኝታ ክፍሎች፣ ኮሪደሩንና ሳሎኑን ለማደስ ስንነሳ ያ ሽታ ከአፍንጫዬ አልጠፋም ነበር። እድሳቱ ካለቀ አሁን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ የተጠቀምንባቸው ዕቃዎች በእግርም በእጅም ተፈትነዋል። የወደድኩትንም ያስመረረኝንም እነግራችኋለሁ።

ከሰሌዳዎቹ ልጀምር። ርካሽ ቺፕውድና ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከእንጨት ፍርፋሪና ከደቀቀ እንጨት የተጋገሩት ሰሌዳዎች፣ ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ በሚባል ማጣበቂያ ነው። ይህ ማጣበቂያ ዕቃው ተሠርቶ ቤት ከገባ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ፎርማልዴሃይድ የተባለ ጋዝ ይለቃል። ክፍሉ ሲሞቅና እርጥበት ሲጨምር የሚወጣው ጋዝም ይጨምራል፤ የልጄ ክፍል ደግሞ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የማይለየው ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ፎርማልዴሃይድን እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ምድብ አስገብቶታል። ይህን ሳነብ የተሰማኝን ንዴት ዛሬም አልረሳውም፤ ከቁም ሣጥኑ ጋር አንድም ቃል የሚነግረኝ ወረቀት አልመጣም ነበርና።

ስለዚህ ሻጮች ዘንድ ስሄድ «ከምን እንጨት ነው?» ማለቴን ትቼ «በምን ተጣበቀ?» ማለት ጀመርኩ። ሰሌዳው ላይ ኢ1 የሚል ምልክት ካለ፣ በመፈተሻ ክፍል ውስጥ ሲለካ የሚለቀው ጋዝ ከ0.1 ፒፒኤም (ፒፒኤም ከሚሊዮን አንድ እጅ ነው) አይበልጥም ማለት ነው፤ ከአሥር ሚሊዮን የአየር እጅ አንዱ እንደ ማለት። የአሜሪካው ደንብ አለካኩ ቢለይም ለፕላይውድ (ስስ የእንጨት ልጣጮች ተደራርበው ለተጣበቁበት ሰሌዳ) 0.05፣ ለኤምዲኤፍ 0.11 ፒፒኤም ብሎ ወስኗል። እኛ በመጨረሻ የመረጥነው በፊኖል ፎርማልዴሃይድ የተጣበቀ ፕላይውድ ነው። ስሙ ቢመሳሰልም ይህኛው ማጣበቂያ አጥብቆ ስለሚይዝ የሚለቀው ጋዝ በጣም ጥቂት ነው፤ በሰሌዳው ጠርዝ ላይ በሚታዩት ጠቆር ያሉ መስመሮች መለየትም ይቻላል። ከባድ ነው፤ ሁለት ሰው ካልያዘው አይንቀሳቀስም። ጠርዙንም በደንብ ማለስለስና መድፈን ያስፈልጋል። ግን መደርደሪያው መጻሕፍት ተጭነውበት እስካሁን አልጎበጠም፣ ክፍሉም አይሸትም። ሌላ ክፍል ባድስ ያለ ማመንታት እደግመዋለሁ።

አሁን ወደምወደው ወደ ኖራ ልሂድ። ቀለም ቤት ገብቼ በየቆርቆሮው ላይ አረንጓዴ ቅጠል አየሁ። ቅጠሉ ምንም አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ በጀርባው በትንንሽ ፊደል የተጻፈው በሊትር ስንት ግራም ተናኝ ኬሚካል እንዳለበት የሚገልጸው ቁጥር ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለውስጥ ግድግዳ የሚሆን በውሃ የሚቀጥን፣ የማያብረቀርቅ ቀለም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከ30 ግራም መብለጥ የለበትም፤ ከዚያ በጣም ያነሱም አሉ። እኔ ግን የድሮውን የኖራ ቅብ ልሞክር ብዬ ቆረጥኩ፤ ውስጡ ኖራ፣ ውሃና ጥቂት የአፈር ቀለም ብቻ ነው።

ኖራ ትዕግሥት ይፈልጋል። ግድግዳው አስቀድሞ በውሃ ይርሳል፤ ቅቡ እንደ ወተት ቀጥኖ በትልቅ ብሩሽ ወዲያና ወዲህ ተጠላልፎ ይቀባል። ስትቀቡት ምንም የሌለ ይመስላል፤ ውሃ የቀባችሁ ይመስላችኋል። በማግስቱ ነጥቶ ታገኙታላችሁ። የመጀመሪያውን ምሽት ባለቤቴ ግድግዳውን እያየ «ይሄ ነገር ይይዛል?» አለኝ፤ እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። አምስት ጊዜ ደራርበን ቀባነው። ዛሬ የጠዋት ብርሃን ሲያርፍበት ከውስጡ የሚበራ ነው የሚመስለው፤ ማንኛውም የፕላስቲክ ቀለም ይህን አይሰጥም። ግድግዳው እርጥበት ስለሚያስተነፍስና ኖራው ራሱ የሚያቃጥል ጠባይ ስላለው፣ በየዓመቱ ሻጋታ ይወጣበት የነበረው የመኝታ ክፍላችን ጥግ ንጹሕ ሆኖ ቆይቷል።

ችግሮቹም እውነተኛ ናቸው። የመጀመሪያው ኖራ የሚይዘው ውሃ በሚመጥ ልስን ላይ ብቻ መሆኑ ነው። በፕላስቲክ ቀለም ላይ ከቀባችሁት ተፈርፍሮ ይወርዳል። የኛ ግድግዳ ሦስት ድርብ ቀለም ነበረበት፤ እሱን መፋቅ ብቻ ከጠቅላላው ሥራ ግማሹን ጊዜ በላ። ከመፋቃችን በፊት ናሙና አስመርምረን ነበር፣ እናንተም ይህን አትዝለሉት። የኮሪደሩ በር መቃን ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበት ሆኖ ተገኘ። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ ነገር ነው፤ አቧራው ነው ጠላቱ። እሱን በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ፈጽሞ አይገባም። እኛ አልነካነውም፤ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች መጥተው አሽገው ሸፈኑት።

ሁለተኛው፣ ኖራ ዓይን ያጠፋል። የሚያቃጥል ጠባዩን የሚያሳየው የፒኤች መጠኑ ከ12 በላይ ነው። መነጽርና ጓንት ሳታደርጉ ብሩሽ አታንሡ፣ ልጆችንም አርቁ። ሦስተኛው የኔ ጥፋት ነው። ፀሐይ የሚመታውን የሳሎን ግድግዳ እኩለ ቀን ላይ ቀባሁት፤ ቶሎ ደረቀና እጅ ሲነካው እንደ ዱቄት ይለቅ ጀመር። ኖራ የሚጠነክረው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ መልሶ ድንጋይ ሲሆን ነው፤ ለዚህም እርጥበት ሊቆይለት ይገባል። ግድግዳውን ጠርጌ፣ ማታ ማታ ውሃ እየረጨሁ እንደገና ቀባሁት፤ ያን ጊዜ ያዘ። በኮሪደሩ ግን ትከሻችን በሚነካው ከፍታ ላይ አሁንም ልብስ ላይ ትንሽ ነጭ ይተዋል። ሰው በሚተላለፍበት ጠባብ ቦታ አልመክረውም።

ለአካባቢ ያለው ጥቅም ላይም እውነቱ ይነገር። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 900 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል፣ ከድንጋዩም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ሲጠነክር መልሶ የሚወስደው ከድንጋዩ የወጣውን እንጂ ማገዶው ያወጣውን አይደለም። ቢሆንም ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 8 በመቶ ገደማ የሚይዘውን ሲሚንቶ ለልስን ጥገናው አለመጠቀማችን አስደስቶኛል።

ወለሉ ላይ ሊኖሌም አነጠፍን፤ እዚህ ላይ ተታልዬ ነበር። አንድ ሱቅ «ሊኖሌም ነው» ብሎ የሰጠኝ ናሙና ቪኒል፣ ማለትም ፒቪሲ ፕላስቲክ ሆኖ ተገኘ። ብዙ ሰው ሁለቱን በአንድ ስም ይጠራል፤ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው። እውነተኛው ሊኖሌም ፍሬድሪክ ዋልተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የፈጠረው ሲሆን፣ ስሙም ተልባና ዘይት ከሚሉት የላቲን ቃላት የመጣ ነው። የተልባ ዘይት፣ የጥድ ሙጫ፣ የቡሽና የእንጨት ዱቄት፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ተቦክቶ በጁት ጨርቅ ላይ ይዳመጣል። ለመለየት ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ፤ እንደ ጆንያ የተሸመነ ክር ካላያችሁ ተዉት። ከዚያ ጠርዙን አሽትቱ፤ ተልባ ይሸታል። የኛ ወለል እስከ አምስተኛው ወር ድረስ ያን ሽታ ይዞ ነበር። እኔ ወድጄዋለሁ፣ ባለቤቴ አልወደደውም።

ሲመጣ ቢጫ ያጠላበት ስለነበር የተሳሳተ ቀለም የላኩልን መስሎኝ ልመልሰው ነበር። ዘይቱ በጨለማ ሲደርቅ የሚያመጣው ቀለም ነው፤ ብርሃን ሲያገኝ በራሱ ይጠፋል፣ የኛም ጠፋ። የማይወደው ኃይለኛ ማጽጃና የተኛ ውሃ ነው። መገጣጠሚያው በደንብ ካልተበየደ ውሃ ገብቶ ያነሣዋል። ማጣበቂያውንም በውሃ የሚቀጥን ካልመረጣችሁ ልፋታችሁ ከንቱ ነው፤ ንጹሕ ወለል በሚተን ኬሚካል ማጣበቅ ቁም ሣጥኑን መልሶ ማስገባት ነው።

ቀርከሃም አስበን ነበር። በአምስት ዓመት ገደማ ለቆረጣ የሚደርስ ተክል መሆኑ ያጓጓል፤ ወለል የሚሆነው ግን ሰንጥቀው በማጣበቂያ ሲጋግሩት ነው፤ ሻጩ ማጣበቂያውን ሊነግረኝ ስላልቻለ ተውኩት። በልጄ ማጥኛ ጥግ ቡሽ አድርገናል። ዛፉ ሳይቆረጥ በዘጠኝ ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ የሚላጥ ቅርፊት ነው፤ ለእግር ይሞቃል፣ የወንበር እግር ግን ምልክት ይተውበታል።

ከሁሉ የበለጠ የወደድኩትን ዕቃ ግን አልገዛሁትም። ሦስቱን የድሮ የውስጥ በሮች ልጥላቸው ስል አናጢው፣ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ አንዱን በጣታቸው አንኳኩተው «ልጄ፣ ይህን የመሰለ እንጨት ዛሬ ከየት ታመጫለሽ?» አሉኝ። በሮቹ እርሳስ እንደሌለባቸው ከተረጋገጠ በኋላ ተላጉ፣ ማጠፊያቸው ተቀየረ፣ የተልባ ዘይት ጠጡ። ዘይቱን የቀባሁበትን ጨርቅ ጠቅልዬ ቆሻሻ ውስጥ ልጥል ስል እጄን ያዙኝ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፤ ጨርቁ ተጨብጦ ከተቀመጠ በራሱ እሳት ሊይዝ ይችላል። እስኪደርቅ ውጭ ዘርግተው አሰጡት። ይህን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በዘይቱ ጣሳ ላይ ነበረ፤ እኔ ግን «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር ያነበብኩት።

ቡሽ ያረፈበት ማጥኛ ጥግ ልጄ አሁን የምትቀመጥበት ነው፤ ክፍሏን ዘግታ ትተኛለች። የተረፈው ኖራ ከላዩ ውሃ ተደርጎበት በባልዲ ተከድኖ ተቀምጧል፤ እንዲህ ከተያዘ አይበላሽም። የኩሽናው ግድግዳ ገና አልተፋቀም።