ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት ሊነክስ-ሃርድዌር ዶት ኦርግን እዩ፤ አዘጋጆቹን ከልብ እናመሰግናለን

ሊነክስ የተባለውን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለሚጠቀሙ ሰዎች ኮምፒውተር የምንመርጥ ሁሉ ለሊነክስ-ሃርድዌር ዶት ኦርግ አዘጋጆች፣ የማሽናቸውን መረጃ ለሚልኩላቸው ተጠቃሚዎችም ትልቅ ምስጋና አለብን። የትኛው ላፕቶፕ ውስጥ ምን ቺፕ እንዳለና በየትኛው ድራይቨር (ዕቃውን ከሲስተሙ ጋር በሚያገናኝ ፕሮግራም) እንደሚሠራ፣ ሰዎች እጅ ላይ ካሉ ማሽኖች ተሰብስቦ በነፃ ይገኛል።

ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ስትሄዱ ኡቡንቱ (አንዱ የሊነክስ ዓይነት) ያለበት ፍላሽ ያዙ። ሻጩን አስፈቅዳችሁ፣ ምንም ሳትጭኑ ከፍላሹ አስነሱት። ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ የማሽኑን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን ኤልኤስፒሲአይን ከኤንኤን እና ከኬ አማራጮች ጋር (lspci -nnk) ስታዙ እያንዳንዱ ዕቃ ባለሁለት ክፍል መለያ ይዞ ይወጣል። የመጀመሪያው የአምራቹ ነው፤ 8086 ኢንቴል፣ 1002 ኤኤምዲ። ከሥሩ «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል መስመር ካጣችሁ ዕቃውን የያዘው ድራይቨር የለም። መለያውን ድረ ገጹ ላይ ፈልጉ። «ወርክስ» (ይሠራል) ካለ ጥሩ፤ «ዲቴክትድ» ግን ድራይቨር ተገኘ እንጂ ተሞከረ ማለት አይደለም።

የሞዴል ስም ብቻውን ያሳስታል። ቲፒ-ሊንክ ቲኤል-ደብሊውኤን722ኤን የተባለው የዩኤስቢ ዋይፋይ፣ ቨርዥን 1 ከሆነ ቺፑ አቴሮስ ኤአር9271 ነው፤ ድራይቨሩ ከከርነሉ (ከሊነክስ እምብርት) ጋር ይመጣል፣ ፈርምዌሩ (ዕቃው ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም) ሳይቀር ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ቨርዥን 2 እና 3 ግን በዚያው ስም የሪልቴክ ቺፕ ይዘው ወጡ። ስለዚህ ዕቃው ጀርባ ላይ የተለጠፈውን የቨርዥን ቁጥር ሳታነቡ አትክፈሉ።

ግራፊክስ ላይ ኤኤምዲ ሬዲዮን አርኤክስን እንመርጣለን። የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 900 እና 1000 ካርዶች ፈርምዌራቸው በአምራቹ ፊርማ የተቆለፈ ስለሆነ፣ ኑቮ የተባለው ክፍት ድራይቨር ፍጥነታቸውን ከፍ ማድረግ አይችልም፤ ምስል ያሳያል፣ ጌም ላይ ግን ይንቀረፈፋል።

ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ጥሩ ምርጫ ነው፤ ኢንቴል 8265 ዋይፋዩና ዩኤችዲ 620 ግራፊክሱ ምንም ሳይነካኩ ይሠራሉ። የጣት አሻራ ማንበቢያውን ግን ሊብኤፍፕሪንት የተባለው የሊነክስ የአሻራ ሶፍትዌር አይደግፈውም።

ውለታውን መመለስ ለምትፈልጉ፦ ለድረ ገጹ መረጃ የሚሰበስበውን ኤችደብሊው-ፕሮብ የተባለ ፕሮግራም ከኡቡንቱ ማከማቻ ጭናችሁ የማሽናችሁን መረጃ ላኩ። ሲሪያል ቁጥርና የማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ) እንዳሉ አይላኩም፣ ወደ ሃሽ (ዋናውን ቁጥር ወደሚሰውር ኮድ) ተቀይረው ነው የሚሄዱት።